አንዳንድ ጊዜ የማይነሳ መኪና፦ ተመላልሶ የሚሰወር ብልሽትን ስለ መመርመር

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች መጠነኛ እርማት ተደርጎበታል)



ለዛሬው ንግግሬ የመረጥሁት ጉዳይ እንዲህ ላለው መድረክ ያንሳል ብላችሁ ለምታስቡ ሁሉ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የምናገረው ስለ አንድ አሮጌ ሚኒባስ ነው፤ ያውም ሁልጊዜ ሳይሆን አንዳንድ ጊዜ ብቻ «አልነሳም» ስለሚል ሚኒባስ። ጨርሶ የማይነሳ መኪና ለመካኒክ ከባድ ፈተና አይደለም፤ ብልሽቱ በቦታው ቆሞ ስለሚጠብቀው ፈልጎ ያገኘዋል። ሦስት ቀን ሠርቶ በአራተኛው እምቢ የሚል፣ ጋራዥ ሲደርስ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ በአንድ ቁልፍ የሚነሳ መኪና ግን ከመካኒኩ መሣሪያ ይልቅ አስተሳሰቡን ይፈትናል። ምስክሩ በተጠራ ጊዜ አይገኝም፤ ባልተጠራ ጊዜ ይመጣል።

ሹፌሮቻችን እንዲህ ያለውን መኪና «አመል አለው» ይሉታል። ዛሬ ልሞግት የተነሳሁት ከዚህች ቃል ጋር ነው። ታሪኩ የሚጀምረው በእኔ በራሴ ስሕተት ስለሆነ፣ ስሕተቴን ሳልሸፍን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

1. የባትሪው ፍርድ

የምኖረው በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ከአየር ጤና ብዙም በማይርቅ ሰፈር ነው። ጎረቤቴ ከአየር ጤና በጦር ኃይሎች በኩል ወደ መርካቶ የሚሠራ የታክሲ ሹፌር ነው። ሚኒባሱ በናፍጣ የሚሠራ አሮጌ ቶዮታ ሃይስ ሲሆን፣ ዕድሜው ከረዳቱ ዕድሜ ይበልጣል። አንድ እሑድ ረፋድ ላይ ከበር ስወጣ አስቆመኝ።

«ጋሼ፣ አንዳንዴ ቁልፍ ስሰጣት ‹ጧ› ብላ ዝም ትላለች። ሁለት ሦስት ጊዜ ስሞክር ትነሳለች። አንዳንዴ ደግሞ ጭራሽ እምቢ ትላለች፤ ገፍተን ነው የምናስነሳት። ምን ይመስልዎታል?»

«ባትሪው ስንት ዓመቱ ነው?» አልሁት።

«ሦስት ዓመት አልፎታል።»

«እንግዲያውስ ባትሪው ነው» ብዬ መንገዴን ቀጠልሁ።

ልብ በሉልኝ። የፊት ወንበሩን አንስቼ ሞተሩን አላየሁም። ቴስተር አላወጣሁም። ሌላ አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቅሁም። ሰውየው የተቀበለው ማስረጃዬን አይደለም፤ ማስረጃ አልነበረኝምና። የተቀበለው ማዕረጌን ነው።

ጎረቤቴ አዲስ ባትሪ ገዛ። ሚኒባሱ ለአሥራ ሁለት ቀን እንከን ሳይታይበት ሠራ፤ ባገኘኝ ቁጥርም ከልቡ ያመሰግነኝ ነበር። በአሥራ ሦስተኛው ቀን «ጧ» ብሎ ቆመ። አንድ ጋራዥ ሲወስደው «ሞተሪኖው ነው» ተባለ፤ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ሞተሪኖ ተገዝቶ ተቀየረ። ሦስት ሳምንት ሠራና ብልሽቱ ተመለሰ። ሌላ ጋራዥ ደግሞ «ዲናሞው ባትሪውን በወጉ አይሞላም» አለው። ዲናሞው ተቀየረ። አሥር ቀን ሠራና እንደገና ተመለሰ። የዲናሞው ዋጋ የተከፈለው ለልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ሲጠብቀው ከነበረው የዕቁብ ብር ነው።

አንድ ማታ በር ላይ ተገናኘን። «ጋሼ» አለኝ፣ «ሁሉም ለጊዜው ልክ ነበሩ፤ እርስዎም ልክ ነበሩ። እኔ ግን ጨረስሁ።» ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቢቆጣኝ ይቀለኝ ነበር። ያን ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ «ሁሉም ለጊዜው ልክ ነበሩ» የሚለው አነጋገሩ ነው። ሦስት የተለያዩ ፍርዶች፣ ሦስቱም ተፈጽመው፣ ሦስቱም ለጊዜው ልክ ሆነው ታይተዋል። ይህ እንዴት ሊሆን ይችላል?

2. ምስጋናው ለማን ነው?

መልሱን ለማግኘት ከመኪና ርቀን ወደ ወባ እንሂድ። የወባ ትኩሳት በዓይነቱ መሠረት ቀን እየለየ የሚነሳና የሚበርድ ነው። ታማሚው ትኩሳቱ ሊበርድለት ሲል የጠጣው ማንኛውም ነገር እንዳዳነው ያምናል፤ በማግስቱ ደኅና ሆኖ ይውላልና። ትኩሳቱ ሲመለስ ሌላ መድኃኒት ይፈልጋል፤ እርሱም በተራው ለአንድ ቀን ያድነዋል። በራሱ የሚሄድ ነገር ሁሉ፣ ሲሄድ አጠገቡ ለተገኘው ሰው ምስጋና ትቶ ይሄዳል።

የጎረቤቴ ሚኒባስም እንዲሁ ነው። አንድ መኪና በአማካይ በአሥር ቀን አንድ ጊዜ እምቢ የሚል ከሆነ፣ ትላንት የተደረገለት ጥገና ምንም ይሁን ምን፣ ያለ አንዳች ጥቅም እንኳ የአሥር ቀን ያህል ምስጋና ያገኛል። መስታወቱን ብናጥብለትም ምስጋናው አይቀርብንም። ስለዚህ «ከቀየርነው ወዲህ አልተመለሰም» የሚለው ቃል ማስረጃ የሚሆነው፣ ዝምታው ቀድሞ ከነበሩት የዝምታ ጊዜያት ብዙ እጥፍ ሲረዝም ብቻ ነው። በመካከሉ ያለው ጊዜ ሁሉ ተስፋ እንጂ ማስረጃ አይደለም።

ይህ ግን ምስጢሩን ግማሽ ብቻ ይፈታል። የዝምታው ጊዜያት ከጥገና በኋላ ረዘም ይሉ ነበር፤ ሹፌሩ ይህን በትክክል አስተውሏል። ስለዚህ ጥገናዎቹ አንድ ነገር አድርገዋል ማለት ነው። ያደረጉት ምን እንደሆነ ለጊዜው ጥያቄ አድርገን እናቆየው።

3. ከመንካት በፊት መጠየቅ

አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ። የማይነሳ መኪና ሲቀርብልን የመጀመሪያው የሥር ጥያቄ አንድ ነው፦ ቁልፍ ስትሰጠው ሞተሩ ይዞራል ወይስ አይዞርም?

ሞተሩ እየዞረ ካልተነሳ፣ ሞተሪኖውና ባትሪው ሥራቸውን ሠርተዋል፤ የጎደለው ነዳጅ፣ እሳት ወይም አየር ነው። በቤንዚን ሞተር ካንዴላው እሳት ይሰጣል ወይ፣ ቤንዚኑስ ይደርሳል ወይ ብለን እንጠይቃለን። በናፍጣ ሞተር ደግሞ በነዳጅ መስመሩ አየር ገብቷል ወይ፣ ቁልፍ ሲሰጥ የናፍጣውን መንገድ የሚከፍተው የኤሌክትሪክ መዝጊያ ይሠራል ወይ እንላለን። ሞተሩ ጨርሶ የማይዞር ከሆነ ግን ነዳጁን መመርመር ከንቱ ድካም ነው። ምርመራው ባትሪውን፣ ካቦዎቹን፣ የቁልፉን መስመርና ሞተሪኖውን ብቻ ይመለከታል። የጎረቤቴ መኪና የዚህኛው ወገን ነበረ፤ ይህን «ጧ ብላ ዝም ትላለች» ሲለኝ በመጀመሪያው ቀን ነግሮኝ ነበር፤ አልሰማሁትም እንጂ።

ሁለተኛው ጥያቄ ብልሽቱ የሚመጣው መቼ ነው የሚለው ነው። ለዚህ ረዳቱን አንድ ደብተር ሰጠሁትና አምስት ነገሮችን እንዲጽፍ ለመንሁት፦ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ሞተሩ ከጠፋ ስንት ደቂቃ እንደሆነው፣ ቁልፍ ሲሰጥ የተሰማውን ድምፅ፣ እንዲሁም የዳሽቦርዱ መብራት ደመቅ እንዳለ ቆየ ወይስ ደበዘዘ የሚለውን። ሁለቱንም አንድ ነገር አጥብቄ አሳሰብኋቸው፦ «እስክነግራችሁ ድረስ አንድም ብሎን እንዳይፈታ።»

ረዳቱ ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ ልጅ ነው። የያዘው መዝገብ ግን እዚህ አዳራሽ ካሉት አንዳንድ የመመረቂያ ጽሑፎች ይልቅ የጠራ ነበር። በአምስት ሳምንት ውስጥ አሥራ አራት እምቢታዎች ተመዘገቡ። ከማለዳው የመጀመሪያ መነሳት ላይ አንድም አልነበረም። አሥራ ሁለቱ የደረሱት ተራ ሲጠበቅ ሞተር ጠፍቶ ከአምስት እስከ ሃያ አምስት ደቂቃ ከቆየ በኋላ ነው። ሁለቱ ደግሞ በምሳ ሰዓት ናቸው። በአሥራ አራቱም የመብራቱ መግለጫ ላይ አንድ ቃል ብቻ ተጽፏል፦ «ደማቅ»።

ይህን ደብተር ሳነብ ፊቴ እንደቀላ አልሸሽጋችሁም። በዚያ እሑድ ሁለት ጥያቄ ብጨምር ኖሮ ባትሪው አይገዛም ነበር። የደከመ ባትሪ የሚጋለጠው በማለዳ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ እጅግ ይቀዘቅዛል። በብርድ የባትሪው ኬሚካላዊ ሥራ ይዘገያል፤ የሞተሩ ዘይትም ስለሚወፍር ሞተሪኖው የበለጠ ኮረንቲ ይጠይቃል። ሁለቱ ችግሮች ተደራርበው የሚመጡት ጎሕ ሲቀድ ነው። ማለዳ ሁልጊዜ ታዝዞ፣ እኩለ ቀን ላይ ከሞቀ በኋላ እምቢ የሚል መኪና ስለ ባትሪው የመልካም ጠባይ ምስክርነት እየሰጠ ነው።

መብራቱም የሚናገረው ይህንኑ ነው። ሞተሪኖ ብዙ ኮረንቲ ሲስብ የባትሪው ቮልቴጅ ይወርዳል፤ መብራቱም ይደበዝዛል። መብራቱ ደምቆ ሞተሪኖው ካልዞረ ግን ኮረንቲው ወደ ሞተሪኖው በበቂ መጠን አልፈሰሰም። ባትሪው ሙሉ ነው፤ መንገዱ ግን ተዘግቷል።

4. ሙቀት ለምን?

ሞተር ሲጠፋ ወዲያው ይቀዘቅዛል ብለን የምናስብ ብዙዎች ነን። እውነታው ተቃራኒው ነው። ሞተሩ ሲጠፋ የሚያቀዘቅዘው ውኃ መዘዋወሩን ያቆማል፤ ነፋሱም ይቆማል። በብረቱ ውስጥ የተከማቸው ሙቀት ግን ወደ ውጭ መፍሰሱን ስለሚቀጥል፣ በሞተሩ ዙሪያ ያሉት ዕቃዎች ለተወሰኑ ደቂቃዎች ከበፊቱ የበለጠ ይሞቃሉ። ሃይስ ደግሞ ሞተሩ ከፊት ወንበር ሥር ታፍኖ የተቀመጠ መኪና ነው። በአየር ጤና ተራ የሚጠበቅባቸው ደቂቃዎች ብልሽቱ የሚፈልጋቸው ደቂቃዎች ሆነው ተገኙ።

በነገራችን ላይ፣ በካርቡሬተር የሚሠራ የቤንዚን መኪና ያላችሁ ይህን ሰዓት በሌላ ምክንያት ታውቁታላችሁ። በእኛ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ቤንዚንም እንዲሁ ቀድሞ ይተናል። ሞተር ከጠፋ በኋላ በቧንቧውና በፖምፓው ውስጥ ያለው ቤንዚን በንኖ መንገዱን በእንፋሎት ይዘጋል። ይህ መኪና ግን ሞተሩ ይዞራል፤ አይነሳም እንጂ። የመጀመሪያውን ጥያቄ የዘለለ ሰው ሁለቱን «ሲሞቅ የማይነሳ መኪና» ብሎ አንድ ያደርጋቸዋል።

5. መለኪያውን ወደ ብልሽቱ መውሰድ

አሁን መንገዱ የተዘጋው የት እንደሆነ መፈለግ ቀረ። ከባትሪው ወጥቶ ወደ ባትሪው የሚመለሰው ኮረንቲ ብዙ በሮችን ያልፋል፦ ፖዘቲቭ ካቦውን፣ በሞተሪኖው ላይ ያሉትን የመዳብ መገናኛዎች፣ ሞተሪኖውን ራሱን፣ ከዚያም የሞተሩን አካልና መካኒኮቻችን «ማሳ» የሚሉትን፣ ከሞተሩ አካል ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመልሰውን ካቦ። በቶዮታ ሞተሪኖዎች ላይ የመዳብ መገናኛዎቹ መበላት የታወቀ በሽታ ነው፤ ድምፁም ይኸው «ጧ» ነው። ስለዚህ ሞተሪኖውን የጠረጠረው መካኒክ የሞኝ ግምት አልገመተም። የጎደለው ግምቱን የሚፈትንበት መንገድ ነበር።

እዚህ ላይ ተማሪዎቻችን ዘወትር የሚሳሳቱበትን ነገር ላሳያችሁ። በእጄ የያዝሁት ከዚያ ሚኒባስ ላይ የተፈታው የማሳ ካቦ ነው። ቴስተሩን በኦም መለኪያ ላይ አድርጌ ሁለቱን ጫፎች ስነካ ይጮኻል፤ «ደኅና ነው» ማለቱ ነው። የ55 ዋት የመኪና አምፖል በዚህ ካቦ ባበራ እነሆ ይበራል። ሁለቱም ፈተናዎች ግን ዋጋ የላቸውም። ቴስተሩ በካቦው ውስጥ የሚልከው ኮረንቲ እጅግ ኢምንት ነው፤ አምፖሉም የሚስበው ከ5 አምፔር አይበልጥም። የናፍጣ ሞተር የሚያዞር ሞተሪኖ ግን መቶዎችን ይጠይቃል። አንድ ቀጭን የእንጨት ድልድይ ድመት አሳለፈ ተብሎ ኤንትሬ አይጫንበትም።

ስሌቱ ቀላል ነው። በአንድ መገናኛ ላይ 0.02 ኦም ብቻ የሆነ እንቅፋት አለ እንበል። ቴስተሩ ይህን ከራሱ ሽቦዎች እንቅፋት ለይቶ ማየት አይችልም። 200 አምፔር በዚያ ሲያልፍ ግን 0.02 በ200 ተባዝቶ 4 ቮልት በመንገድ ይቀራል። ከ12 ቮልት ሞተሪኖው የሚደርሰው 8 ብቻ ነው። ስለዚህ ትክክለኛው ልኬት ካቦውን ፈትቶ ኦም መቁጠር ሳይሆን፣ ካቦው ሥራ ላይ እያለ፣ ቁልፍ በተሰጠበት ቅጽበት፣ በሁለቱ ጫፎቹ መካከል የጠፋውን ቮልት ማንበብ ነው። በደኅና የማሳ መስመር ይህ ቁጥር ከጥቂት አሥረኛ ቮልቶች አይዘልም፤ ግማሽ ቮልት ከደረሰ ሊታይ ይገባዋል።

እንግዲህ ብልሽቱ ወደ እኔ ላቦራቶሪ አልመጣ ስላለ፣ ላቦራቶሪውን ወደ ብልሽቱ ላክሁት። ሁለት ርካሽ ቴስተሮች ገዛሁ። አንዱ በባትሪው ሁለት ጫፎች ላይ፣ ሁለተኛው ከባትሪው ኔጋቲቭ እስከ ሞተሩ አካል ድረስ እንዲያነብ ረጃጅም ሽቦ ቀጥዬ ከሹፌሩ መቀመጫ አጠገብ አሰርኋቸው። ሽቦዎቹን ስቀጥል የነበሩትን ብሎኖች አልነካሁም፤ ከአጠገባቸው ንጹሕ ብረት ላይ በመቆንጠጫ ያዝኋቸው። ረዳቱን «ቁልፍ በተሰጠ ቁጥር በስልክህ ቅረጻቸው» አልሁት።

መኪናው በደኅና ሲነሳ የሁለተኛው ቴስተር ንባብ ከግማሽ ቮልት በታች ነበር። በአራተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ረዳቱ አንድ አጭር ቪዲዮ ላከልኝ። «ጧ» የሚለው ድምፅ ይሰማል። ባትሪው 11.8 ቮልት ላይ ቆሟል። ሁለተኛው ቴስተር 8.6 ያነባል። ከ11.8 ቮልት ውስጥ 8.6ቱ በማሳው መንገድ ላይ እየቀረ፣ ለሞተሪኖውና ለተቀረው መንገድ ሁሉ የሚደርሰው 3.2 ብቻ ነበር። ባትሪው ንጹሕ ነው። ሞተሪኖውም ንጹሕ ነው፤ ያልተሰጠውን ኃይል ሊሠራበት አይችልምና። ስለ ዲናሞው መነጋገር እንኳ አያስፈልግም።

ግን በዚህ አላቆምንም። ሦስት ጊዜ ልክ ሆኖ ሦስት ጊዜ የተሳሳተ ታሪክ ስለነበረን አራተኛውን ፍርድ በጥንቃቄ መስጠት ነበረብን። በማግስቱ እኔው ራሴ አየር ጤና ወርጄ ከሰልፉ ጋር ቆምሁ። እምቢ እስኪል ሁለት ሰዓት ያህል ጠበቅሁ። እምቢ ሲል ከባትሪው ኔጋቲቭ ወደ ሞተሩ አካል ባትሪ ማስነሻ ካቦ ዘረጋሁ፤ መኪናው በአንድ ቁልፍ ተነሳ። አስጠፋሁትና ካቦውን አነሳሁ፤ «ጧ»። መልሼ ዘረጋሁ፤ ተነሳ። ተሳፋሪው ወርዶ ወደ ኋላኛው ታክሲ እየሄደ፣ ተራ አስከባሪውም «መምህር፣ መንገዱን ይልቀቁልን እንጂ!» እያለኝ ለሦስተኛ ጊዜ ደገምሁት። ብልሽቱን በእጄ ማምጣትና መመለስ ቻልሁ። ከዚያ በኋላ ነው «ምክንያቱ ይህ ነው» የሚል ቃል ከአፌ የወጣው።

ካቦው ሲፈታ ላዩ ጤነኛ ነው። ጫፉ ላይ ያለውን የብረት መያዣ ስንሰነጥቀው ግን በውስጡ ያለው መዳብ አረንጓዴ ሆኖ ዝጓል፤ ከሽቦዎቹም አብዛኞቹ ተበጥሰዋል። ሲቀዘቅዝ የቀሩት ሽቦዎች ከመያዣው ጋር ይነካካሉ፤ ሲሞቅ ይላላሉ። አዲሱ ካቦ የተገዛው ከጎረቤቴ የአንድ ቀን ገቢ ባነሰ ዋጋ ነው።

አሁን ያቆየነውን ጥያቄ እንመልስ። ጥገናዎቹ ዝምታውን ለምን አረዘሙት? ባትሪ ለመቀየር የማሳው ካቦ አንደኛው ጫፍ ይፈታል። ሞተሪኖ ለመቀየር በዚህ መኪና ላይ ከሞተሪኖው አጠገብ የታሰረው ሌላኛው ጫፍ ይፈታል። ዲናሞ ለመቀየርም ጠንቃቃ መካኒክ አስቀድሞ ባትሪውን ይለያል። ሦስቱም መካኒኮች ሳያውቁት ያንኑ ካቦ ፈትተው፣ አጣመው፣ አጥብቀው አስረዋል። የተበጠሱት ሽቦዎች ለጥቂት ቀናት እንደገና ተነካክተዋል። የጠቀመው መፍታትና ማሰሩ ነበር፤ የተከፈለው ግን ለባትሪው፣ ለሞተሪኖውና ለዲናሞው ነው።

6. አመል እና ሁኔታ

ውድ ተማሪዎች፣ የጋራዣችን ቋንቋ ሀብታም ነው። ሞተሪኖ፣ ካንዴላ፣ ካቻቪቴ፣ ኮፈን እያልን ከጣልያንኛ የወሰድነው ቃል ከሦስት ትውልድ በላይ አገልግሎናል። ለሚሰወር ብልሽት ግን የሰጠነው ስም «አመል» ነው። አመል ያለውን በቅሎ እንለምደዋለን፤ አንመረምረውም። አመሏን የለመደ ሹፌርም ማታ ማታ መኪናውን አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለት አዙሮ ያቆማታል፤ ጠዋት በመግፋት እንድትነሳ። በኮልፌ ዳገቶች ላይ እንዲህ ቆመው የሚያድሩ መኪኖችን ሳይ፣ ያልተጠየቁ ጥያቄዎች ተሰልፈው ያደሩ ይመስለኛል። አመል የምንለው ሁኔታው ገና ያልታወቀ ብልሽት ነው። ሁኔታውን ያወቅን ዕለት አመሉ ያበቃል።

ይህ ጉዳይ የአንድ ሹፌር ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት ውድ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በመንገድ ላይ ያሉት አሮጌ መኪኖች እንግዲህ ለብዙ ዓመታት አብረውን ይኖራሉ፤ በእነርሱ የሚተዳደረው ቤተሰብም እንዲሁ። የኤሌክትሪክ መኪናው ሲበዛ ችግሩ ይጠፋል የምትሉ ካላችሁም አትቸኩሉ። አብዛኛው የኤሌክትሪክ መኪና አንድ ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ፣ ብዙ መገናኛና ብዙ ማሳ አለው። እዚያም ዝገት አለ፤ እዚያም ሙቀት አለ።

ከዚህ ታሪክ ለሥራችሁ ሦስት ነገር ያዙልኝ። አንደኛ፣ ከመለካታችሁ በፊት አትንኩ፤ የሚሰወር ብልሽት ሲነካ ማስረጃውን ይዞ ይጠፋልና። ሁለተኛ፣ ብልሽቱ በሌለበት የተወሰደ ልኬት ስለ ብልሽቱ ምንም አይነግራችሁም፤ መለኪያችሁን እርሱ ባለበት ሰዓትና ቦታ አስቀምጡ። ሦስተኛ፣ ብልሽቱን በፈቃዳችሁ ማምጣትና ማራቅ እስክትችሉ ድረስ «አገኘሁት» አትበሉ። እነዚህ ሦስቱ ለመካኒክ ብቻ የተሰጡ አይደሉም። አንዳንድ ጊዜ ብቻ የሚጥል ሕመም የሚመረምር ሐኪም፣ አንዳንድ ጊዜ ብቻ የሚሳሳት ፕሮግራም የሚያርም ባለሙያ፣ አንዳንድ ዓመት ብቻ የሚከሽፍ ዘር የሚያጠና የግብርና ተመራማሪም ያስፈልጓቸዋል።

ስለ ደኅንነትም አንድ ቃል ልጨምር። ልኬቱን ስታደርጉ ማርሹ ነጻ፣ የእጅ ፍሬኑ የተሳበ ይሁን፤ እጅና ልብስ ከሚዞር ነገር ይራቅ። በካቻቪቴ ሞተሪኖን አገናኝቶ ማስነሳት በየሰፈሩ እንደ ጥበብ ይታያል። ማርሽ ውስጥ ያለ መኪና በዚህ መንገድ ተነስቶ በሠራተኛው ላይ ሊሄድበት ይችላል።

በመጨረሻም ስለ ጎረቤቴ። ካቦው ከተቀየረ አንድ ዓመት አልፎታል፤ ረዳቱ በደብተሩ ላይ የጨመረው አዲስ መስመር የለም። የባትሪውን ዋጋ ልክፈልህ ብለው ሳቀብኝ። «ጋሼ፣ ባትሪው እኮ እየሠራ ነው፤ ምኑን ይከፍሉኛል?» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ግን እንዲህ አለኝ፦ «ሌላ ሰው ሲጠይቅዎት መጀመሪያ ይዩለት።» ሠላሳ ዓመት ሊሞላው በተቃረበው የማስተማር ሥራዬ ከዚህ ያጠረ የምርመራ ትምህርት አልሰማሁም። ደብተሩን በእርሱና በረዳቱ ፈቃድ ለፋኩልቲያችን ወርክሾፕ አስረክቤአለሁ፤ ይህም ካቦ አብሮት ይቀመጣል። ከመጪው ሴሚስተር ጀምሮ የመጀመሪያው የልምምድ ክፍለ ጊዜ በእነዚህ በሁለቱ ይከፈታል።